ጭልፊቷ ዘጠኝ ጊዜ ስትስት

ልጅ ሳለሁ ጭልፊት ማለት ሌባ ማለት ነበር። በአያቴ ግቢ እናት ዶሮዋ ድንገት ድምፅዋን ስትለውጥ ጫጩቶቹ ተሯሩጠው ክንፏ ሥር ይገባሉ። አያቴም የያዘችውን ሁሉ ጥላ፣ እጇን እያወናጨፈች ወደ ሰማይ ትጮሃለች። እኛ ልጆቹ ድንጋይ ለቅመን ሽቅብ እንወረውራለን፤ አንድም ቀን መትተን አናውቅም። ጭልፊቱ ጫጩት ነጥቆ የሄደበት ቀን ለሳምንት ይወራል። ባዶ እግሩን የተመለሰባቸውን ቀናት ግን የቆጠራቸው ሰው አልነበረም።

እኔ እነዚያን ቀናት መቁጠር የጀመርኩት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ኤድንብራ ውስጥ፣ በወጥ ቤቴ መስኮት ሆኜ ነው።

ከመስኮቱ ፊት ለፊት ጥቅጥቅ ያለ የቁጥቋጦ አጥር አለ። በብርዱ ወራት ድንቢጦች ውስጡ ተሰብስበው ሲንጫጩ ይውላሉ። አንድ የጥር ጠዋት ቡና እያፈላሁ ሳለ ጫጫታው ቀጥ አለ። ቀና ስል ግራጫ ነገር ከመሬት ብዙም ሳይርቅ በአጥሩ ማዶ እየበረረ መጥቶ፣ አጥሩን ዘለለና በጎኑ ታጥፎ ቁጥቋጦው ውስጥ ገባ። ሁለት ሦስት ሰከንድ ቢሆን ነው። ከዚያ ወጥቶ አጥሩ ጫፍ ላይ ቆመ፤ እግሩ ባዶ ነው። ከርግብ ያንሳል። ጀርባው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ግራጫ፣ ደረቱ ደግሞ ብርቱካንማ ሰንበር ያለበት ነው። ጥቂት ከተቀመጠ በኋላ በመጣበት አኳኋን ዝቅ ብሎ ሄደ። ድንቢጦቹ ድምፃቸውን ለማሰማት ብዙ ደቂቃ ፈጀባቸው።

በዚያው ዕለት ደብተር ገዛሁ። ቀን፣ ሰዓት፣ ከየት መጣ፣ ምን ፈለገ፣ አገኘ ወይስ አላገኘም። ገጾቹ እየሞሉ ሲሄዱ «አላገኘም» የሚለው ዓምድ ብቻውን ይረዝም ጀመር። ይህችን ጭልፊት ያጠኑ ሰዎች የጻፉትን ሳነብ ነገሩ የእኔ አጥር ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። ከአሥር ሙከራ የሚሳካላት አንዱ ገደማ ነው። ከጎጆ ከሚወጡት ጫጩቶች አብዛኞቹ የመጀመሪያ ዓመታቸውን አይጨርሱም፤ ብዙዎቹን የሚገድላቸው ረሃብ ነው።

አደኗን በቅርብ ላየ ሰው ይህ አያስገርመውም። ይህች ጭልፊት ሰማይ ላይ ተንሳፍፋ የምትወረወር አይደለችም፤ ያላት ሀብት መደበቅ ነው። ቅጠል ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ተቀምጣ ታደባለች፤ ካልቀናት ወደ ሌላ ዛፍ ትዛወራለች። ስትበር መሬት ለመሬት ትሄዳለች፤ የግንብ ጥግ፣ አጥር፣ የቆመ መኪና ሁሉ መከለያዋ ነው። አጭርና ሰፊ ክንፏ በቅርንጫፎች መሐል ያሾልካታል፤ ረጅም ጅራቷ እንደ መሪ ያዞራታል። እግሮቿ ቀጫጭንና ረጃጅም ናቸው፤ የመካከለኛው ጣቷ እርዝማኔ የምትበር ወፍ ከአየር ላይ ለመንጠቅ የተሠራ ነው። ይህ ሁሉ የሚጠቅማት ግን ሳትታይ ከደረሰች ብቻ ነው። አንዲት ድንቢጥ ቀድማ ካየቻትና ቀጭኗን የማስጠንቀቂያ ድምፅ ካሰማች ነገሩ አበቃ። ጭልፊቷም ሩቅ አታሳድድም።

ሴቷ ከወንዱ በክብደት እጥፍ ልትደርስ ትችላለች። ስለዚህ ወንዱ ድንቢጥና መሰሎቿን ሲያድን፣ ሴቷ ዋኖስና ርግብ ትደፍራለች። አንድ ቀን ሴቷ ዋኖስ ይዛ ከመስኮቴ አራት እርምጃ ላይ፣ ውርጭ በያዘው ሣር ላይ አረፈች። ክንፎቿን እንደ ጃንጥላ ዘርግታ ያደነችውን ሸፈነች። ይህች ወፍ በምንቃሯ አንገት ሰብራ አትገድልም፤ የምትገድለው በጥፍሯ ጨምቃ ነው፤ አንዳንዴም ነፍስ ሳትወጣ ላባ መንጨት ትጀምራለች። ማየቱ ከበደኝ፤ ዞር ግን አላልኩም። ላባው በነፋስ እየተንከባለለ አጥሩ ሥር ተከመረ። በየጉርሻው ቀና ብላ በቢጫ ዓይኗ ግራና ቀኝ ታያለች። የምትፈራ ፍጥረት ነበረች። አያቴ ሌባ የምትለው ያ ወፍ ምግቡን እንዲህ ተጨንቆ እንደሚበላ አላውቅም ነበር።

ወደ ደብተሬ ስመለስ ብዙ ጊዜ የማስበው ኢያን ኒውተን የተባሉትን ሳይንቲስት ነው። እኚህ ሰው በደቡብ ስኮትላንድ ጫካዎች ይህችን ጭልፊት ለ27 ዓመታት አጥንተዋል። ጎጆ መፈለግ፣ እንቁላል መቁጠር፣ የጫጩቶች እግር ላይ ቀለበት ማሰር፣ በዓመቱ ተመልሶ ማን እንደተረፈ ማየት። እ.ኤ.አ. በ1986 የታተመው መጽሐፋቸው የዚህ ትዕግሥት አንዱ ፍሬ ነው።

ወፏ እንዲህ ዓይነት ሰዎች ባይኖሯት ኖሮ እጣዋ ሌላ ይሆን ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዲዲቲና መሰሎቹ መርዞች በእርሻ ላይ ተስፋፉ። መርዝ የነካውን ትልና ጥራጥሬ የበሉ ትናንሽ ወፎች መርዙን በሰውነታቸው ያዙ። ጭልፊቷም በመቶ የሚቆጠሩትን እየበላች የሁሉንም መርዝ ሰውነቷ ውስጥ አጠራቀመች። እ.ኤ.አ. በ1960 አካባቢ ከምሥራቅ እንግሊዝ ልትጠፋ ተቃርባ ነበር። ዴሬክ ራትክሊፍ የተባሉ ተመራማሪ ቀደም ሲል የተሰበሰቡ እንቁላሎችን ከአዲሶቹ ጋር አስተያይተው፣ ቅርፊቱ መሳሳቱን እ.ኤ.አ. በ1967 አሳተሙ። እናቲቱ ልታሞቀው ስትቀመጥበት እንቁላሉ ከሥሯ ይሰበር ነበር። መርዞቹ ደረጃ በደረጃ ሲታገዱ ጭልፊቷም ቀስ በቀስ ተመለሰች።

መመለሷን ትናንሽ ወፎች በሰውነታቸው መዝግበውታል። ኦክስፎርድ አጠገብ ባለው ዋይታም ጫካ ደረቷ ቢጫ የሆነ ትንሽ የዛፍ ወፍ አለች። ጭልፊት ባልነበረበት ዘመን ወፍራ ነበር፤ ጭልፊት ሲመለስ ከሳች። ስብ ለብርድ ሌሊት ስንቅ ነው፤ ግን ስብ የያዘ ወፍ ከመሬት ቶሎ አይነሳም። ትንሿ ወፍ በየቀኑ ረሃብንና ጭልፊትን በአንድ ሚዛን ትመዝናለች ማለት ነው። ይህን ያነበብኩ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ይህ የፈረንጅ አገር ወሬ ብቻ የሚመስላችሁ ካላችሁ ይህን ልንገራችሁ። የስኮትላንዶቹ ጭልፊቶች ባሉበት ይከርማሉ፤ ከሰሜንና ከምሥራቅ ከሚነሱት ዘመዶቻቸው መካከል ግን ብርዱን ሸሽተው ኢትዮጵያ ድረስ የሚወርዱ አሉ። ደረቱ ቀላ ያለ ሌላ ዘመዳቸው በደጋው ጫካችን ዓመቱን ሙሉ ይኖራል። እስራኤል ያላችሁ ወዳጆቼ ደግሞ በሚያዝያ መጨረሻ በኤላት ሰማይ ቀና በሉ፤ ከአፍሪካ ወደ ሰሜን የሚመለሱ ሌላ ዓይነት ጭልፊቶች በብዙ ሺህ ሆነው ያልፋሉ። ዲዲቲንም እናውቀዋለን፤ ለወባ ሲባል በቤታችን ግድግዳ ላይ ለዓመታት ተረጭቷል። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዓሣ በሚበሉ ወፎች ሰውነት ውስጥም ቅሪቱ ተገኝቷል። አዳኝ ወፍ ስለ መሬታችን ጤና ቀድሞ የሚነግረን ነው፤ ለመስማት ግን የሚያየው ሰው ያስፈልጋል። የኒውተን ሥራም የተጀመረው በእግር፣ በዓይንና በደብተር ነው።

ባለፈው እሑድ ደብረ ብርሃን ላለችው ታናሽ እህቴ ደወልኩ። ስለ ኑሮ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ዶሮዎቿ አወራን። በመሐል፣ «ውይ፣ ዛሬ ጠዋት ያ ጭልፊት ደግሞ መጥቶ ነበር» አለች።

«ወሰደ?» አልኳት።

«ኧረ የለም፣ ዶሮዋ ቀድማ አየችው። ዛፉ ላይ ጥቂት ተቀምጦ ሄደ።»

«ጻፊው» አልኳት። «ቀኑንም፣ ሰዓቱንም፣ ባዶ እግሩን መሄዱንም ጻፊው።»