የአያቴ ሁለት ወንድሞች

ሚያዝያ 27 ቀን በመጣ ቁጥር ከተማሪዎቼ ጥቂቶቹን አስከትዬ ወደ አራት ኪሎ መሄድ ልማዴ ነው። በድሉ ሐውልት ሥር የአበባ ጉንጉን ሲቀመጥ፣ የአርበኞች ወገን የሆኑትም ጎፈር ደፍተው፣ ጋሻና ጦር ይዘው ሲፎክሩና ሲሸልሉ እናያለን።

የቀኑንም ታሪክ በዋዜማው እንዲህ እያልሁ አስተምራለሁ። የኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነበር። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን አቡነ ጴጥሮስ አርበኞችን አላወግዝም ብለው በጥይት ተደብድበው ሞቱ። በ1929 ዓ.ም. የካቲት 12 ቀን የአዲስ አበባ ሕዝብ፣ በግንቦትም የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተፈጁ። በ1933 ዓ.ም. ጥር 12 ቀን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኦሜድላ ሰንደቅ ዓላማ ተክለው በጎጃም በኩል ገሠገሡ፤ ጠላት በገባ ልክ በአምስተኛው ዓመት፣ በዚያው ሚያዝያ 27 ቀን፣ ዋና ከተማቸው ገቡ። ከተማዪቱ ከጠላት እጅ የወጣችው መጋቢት 28 ቀን ስለ ነበር፣ በደርግ ዘመን በዓሉ በዚያ ቀን ይከበር ነበር፤ ኋላ ግን ወደ ቀድሞ ቀኑ ተመልሷል።

ከዚህም ጋር፣ አምስቱን ዓመት በዱር በገደል የተዋጋውን የአያቴን ወንድም ታሪክ እጨምርላቸው ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ልጆቹን «ከየቤታችሁ ጠይቃችሁ ኑ» ብያቸው ሁሉም የሰሙትን ሲናገሩ አንዱ ዝም አለ። ጓደኞቹ ከወጡ በኋላ ቀረብ ብሎ፣ «መምህር፣ የአያቴ አባት ለጣልያን ያደሩ ባንዳ ነበሩ አሉኝ። ነገ ከእናንተ ጋር ልምጣ ወይስ ልቅር?» አለኝ።

መልስ አጣሁ። አያቴ ወንድሞችዋ ሁለት ነበሩና። ታናሹ ለጠላት አድሮ ደመወዝ እየተቀበለ፣ ታላቁ ወደ ሸፈተበት አገር የጠላትን ጦር መርቶ ነበር። አያቴ በየዓመቱ በዚህ ቀን የመድኃኔ ዓለምን ዝክር ስታዘክር የሁለቱንም የክርስትና ስም ለቄሱ ትሰጥ ነበር። እኔ በድቁና ሳገለግል ምክንያቱን ብጠይቃት፣ ታሪኩን ሁሉ ነገረችኝና፣ «ሁለቱም የእናቴ ልጆች ናቸው፤ ለታናሹ ግን ጸሎቱ ይብስበታል» አለችኝ። እኔ ይህን እያወቅሁ፣ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ታላቁን ብቻ ስተርክ ኖርሁ።

በማግስቱ ልጁን ና ብዬ ከሐውልቱ አጠገብ የሁለቱንም ታሪክ ለሁሉም ተናገርሁ። በልጆቹ ፊት ማፈሬን አልደብቅም። ቀጥዬም ንጉሠ ነገሥቱ በገቡበት በዚያ ቀን ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ ማሳሰባቸውን ነገርኋቸው። በዚያ ዓመት ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 12 ቀን ነበርና፣ የድሉ ቀን የመድኃኔ ዓለም መታሰቢያ ከመሆኑም በላይ በበዓለ ሃምሳ ውስጥ የዋለ ነበር።

ይህን ስል የከዳውንና የደማውን በአንድ ሚዛን ማስቀመጤ አይደለም። ክህደት ክህደት ነው፤ የአርበኛውም ደም ዋጋው አይቀነስም። ነገር ግን የአያት በደል ለልጅ ልጅ ዕዳ ሊሆን አይገባም። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ በዚህ በዓል ልጆቻችሁ ስለ ዘመዶቻችሁ ሲጠይቋችሁ አንዱን ገልጣችሁ ሌላውን አትሸሽጉ። ያ ልጅ በማግስቱ የአያቱን አባት የክርስትና ስም ከቤተሰቡ ጠይቆ፣ በወረቀት ጽፎ አመጣልኝ። እኔም ከአያቴ ወንድሞች ስም ጋር ለቄሱ ሰጠሁ።