የገደለው ቮልቴጁ ነው

ገርጂ ሰርግ ኤዲት የሚያደርግ አንድ ልጅ ዛሬ ፒሲው ሞተበት። ሬንደር መሀል ብሉ ስክሪን፣ ሲያስነሳው እንደገና ብሉ ስክሪን፣ ከዚያ ጭራሽ እምቢ። ራም ቀየርን፣ ፓወር ሰፕላይ ቀየርን፣ ወይ ፍንክች። ሌላ ፕሮሰሰር ስንሰካበት ግን ማሽኑ ምንም እንዳልሆነ ተነሳ። ባዮሱ ውስጥ የቀድሞው ባለቤት ሴቭ ያደረገው ፕሮፋይል ቁጭ ብሏል፦ ኦቨርክሎክ፣ ቮልቴጁ 1.45 ላይ ተቸንክሮ። ቦሌ ላይ ሲሸጡለት "ስላሽ ነው፣ ግን ንጹህ ነው" ነበር ያሉት።

ኦቨርክሎክን አልጠላም። ፍጥነቱን ብቻ ትንሽ ከፍ ያደረገ ሰው ፕሮሰሰሩን ብዙም አይጎዳውም። የሚገድለው ያንን ፍጥነት እንዲሸከም ተብሎ የሚጨመረው ቮልቴጅ ነው። 1.2 የነበረውን 1.4 ስታደርጉት፣ ፍጥነቱ ባይነካ እንኳ የሚበላው ኃይል በ36 በመቶ ገደማ ያድጋል፤ ያ ሁሉ ሙቀት ነው። በቺፑ ቀጫጭን ሽቦዎች የሚያልፈው ኤሌክትሮንም፣ ጎርፍ የወንዝ ዳር እንደሚሸረሽር፣ የብረቱን አተሞች እየገፋ ይወስዳል፤ ሲሞቅ ይብስበታል። ኢንቴል በ2024 እ.ኤ.አ. ያየው ጣጣ የዚሁ ዘመድ ነው፦ የ13ኛና የ14ኛ ትውልድ ፕሮሰሰሮቹ ኦቨርክሎክ ሳይደረጉ ከልክ ያለፈ ቮልቴጅ እየወሰዱ ተጎዱ፤ ዋስትናቸውን በ2 ዓመት አራዘመ።

"ከመሞቱ በፊት ጊዜ ያልፍበታል" የሚሉ አሉ። ይሄ አባባል ያበሽቀኛል! ለማን ነው ጊዜ የሚያልፍበት? እዚህ ፕሮሰሰር ከዱባይ ቢሮ ወደ ቦሌ ሱቅ፣ ከሱቅ ወደ ኤዲተር፣ ከኤዲተር ወደ ታናሽ ወንድም ይወርዳል። አዲስ መግዛት ደግሞ ቀላል አይደለም፦ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሩ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ያኔ ለአዲስ ማሽን ሲያጠራቅሙ የነበሩ ልጆች ፊታቸው አሁንም ይታየኛል። ያጠራቀሙት ብር እጃቸው ላይ እያለ ግማሽ ሆነ። ለነሱ የቺፕ ዕድሜ እንጀራ ነው።

ደግሞ አየራችን። ቦሌ አየር ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ነው። አየሩ ከባሕር ጠረፉ ሩብ ገደማ ስለሚሳሳ፣ ፋኑ እኩል ቢሽከረከርም ይዞት የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። አዲስ አበባ ብርድ ነው ብላችሁ አትዘናጉ፤ ዩቲዩብ ላይ ያያችሁትን ሴቲንግም እንዳለ አትገልብጡ።

ሻጮች፣ ኦቨርክሎክ የተደረገ ከሆነ ለገዢው ንገሩት፣ ዋጋውንም ቀንሱለት። ገዢዎች፣ ባዮሱ ሪሴት ከተደረገ ታሪኩ አይታይም፤ ስለዚህ እዚያው ሱቁ ውስጥ ከባድ ሬንደር ጫኑበት፣ ሙቀቱን እያያችሁ አንድ ሰዓት ቁጭ በሉ፣ ሳታዩ ብር አታስተላልፉ።