ቀለም ላይ የታሰረ ቡሎን

መኪና ሞተ ሲባል ብዙ ጊዜ ትንሽ ድምፅ ይተርፈዋል። ሞተሪኖው ቀጭ ቀጭ ይላል፤ የክሩስኮቱ መብራት ፈዘዝ ብሎ ይታያል፤ ሌላው ቢቀር ጡሩምባው ያቃስታል። የእህቴ መኪና ግን ይህንንም አላለችም። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከምንኖርበት ሕንፃ ጓሮ፣ አዲስ ቀለም ተቀብታ እንደ ሙሽራ አምራ ቆማለች። ማስነሻውን ብጫነው፣ ደግሜ ብጫነው፣ ዝም።

ዝምታው ለምን እንደከበደኝ ልንገራችሁ። እህቴ ሌሊት ሌሊት አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ትሠራለች። ፈረቃዋ ሲያበቃ ሁለት አውቶቡስ ቀይራ ነው ቤቷ የምትገባው፤ በብርዱ ወራት ፌርማታው ላይ የምትቆመው በረዶ ረግጣ ነው። የእቁብ ዕጣዋ በወጣ ሰሞን «መኪና እንግዛ፣ እኔ አውቃለሁ» ያልኳት እኔ ነኝ። በጨረታ የሚሸጡ የተጋጩ መኪኖችን ዝርዝር አገላብጬ፣ የኋላ ቀኝ ጎኗ የተጨማደደ የ2008 ሞዴል ፕሪየስ የመረጥኩትም እኔው ነኝ። ኢንሹራንሱ «የማሠሪያዋ ወጪ ከዋጋዋ አይተናነስም» ብሎ የተዋት ናት። እንዲህ ያለች መኪና ተጠግናና በስቴቱ ተመርምራ ካለፈች መንገድ ላይ ልትወጣ ትችላለች፤ በባለቤትነት ወረቀቷ ላይ ግን ያለፈ ታሪኳ ተጽፎ ይኖራል። እህቴ «ወረቀቱን አይደል የምነዳው» ብላ ገንዘቡን ሰጠችኝ።

ላሜራውን ያቃናው፣ የበየደውና የቀባው አንድ ያገራችን ሰው ነው። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ትንሹን ባትሪ ያወጣሁት፣ የትልቁን ባትሪ መሰኪያ የነቀልኩት፣ ሥራው ሲያልቅም ሁሉንም ወደ ቦታው የመለስኩት ግን እኔ ነበርኩ። ይህችን ዐረፍተ ነገር አንባቢ ይያዝልኝ፤ እኔ ረስቻት ነበርና።

ፕሪየስ እ.ኤ.አ. በ1997 መጨረሻ ጃፓን ውስጥ ለገበያ የቀረበች፣ በብዛት ከተመረቱ ሃይብሪድ መኪኖች ቀዳሚዋ ናት። የእህቴ የሁለተኛው ትውልድ ናት። ሁለት ባትሪ አላት። ትልቁ ከኋላ ወንበር ጀርባ ተኝቷል፤ በ28 ክፍል የተደረደሩ 168 ሴሎች አሉት፤ አንዱ 1.2 ቮልት፣ ድምሩ 201.6 ቮልት ነው። ሰው ይገድላል። ትንሹ እንደ ማንኛውም መኪና ባትሪ 12 ቮልት ሲሆን ኋላ ቀኝ ጥግ ተሸጉጦ ተቀምጧል። እኛ የምናውቀው ሞተሪኖና ዲናሞ የላትም፤ የቤንዚን ሞተሩን የሚያስነሣው ከትልቁ ባትሪ ኃይል የሚወስድ ኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ታዲያ ትልቁ ባትሪ በገዛ ሥልጣኑ ከመኪናዋ ጋር አይገናኝም። የሚያገናኙት ሪሌዎች ናቸው፤ ሪሌዎቹን የሚያዙት ኮምፒዩተሮች ናቸው፤ ኮምፒዩተሮቹን የሚቀሰቅሳቸው ደግሞ ያ ትንሹ ባትሪ ነው። 12ቱ ካልነቃ 200ው ተኝቶ ይውላል።

ይህን ሁሉ አንብቤ ነበር። ቁርጡ ሲመጣ ግን ያነበብኩትን ትቼ የፈራሁትን አመንኩ። አዲስ ትንሽ ባትሪ ገዛሁ። የኋላው በር የሚከፈተው በኤሌክትሪክ ስለሆነ በወንበሮቹ ላይ ተንጠላጥዬ ገባሁና በሆዴ ተኝቼ አሰርኩት። አሁንም ዝም። እንግዲያው ትልቁ ባትሪ ሞቷል አልኩ። ምን ገደለው? ብየዳው። ማን በየደው? ሰውየው። ሁለት ጥያቄ፣ ሁለት መልስ፤ አንዱንም አልለካሁም። ስልክ አንሥቼ ሰውየውን አወረድኩበት። «ሌባ» የምትል ቃልም ካፌ ወጥታለች። ከዚያ ያገለገለ ትልቅ ባትሪ በ900 ዶላር ለመግዛት ከአንድ ሻጭ ጋር ተነጋገርኩ፤ ገንዘቡን የምበደረው ደግሞ ከዚያችው ከእህቴ ነው።

በጋዜጠኝነት ዲፕሎማ ያለኝ ሰው ነኝ። ወሬ ከሁለት ወገን ሳይጣራ እንደማይጻፍ ተምሬ፣ ተፈትኜ አልፌያለሁ። ለካስ ፈተና ማለፍ ሌላ፣ መማር ሌላ ኖሯል።

«ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት እኒያን ሽማግሌ አሳያቸው» አለችኝ እህቴ። ሽማግሌው ድሬዳዋ፣ በምድር ባቡር ጋራዥ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የነበሩ ናቸው፤ አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። ቴስተር፣ ፒንሳና ጥንድ የጎማ ጓንት በፌስታል ይዘው መጡ። ስለ ትልቁ ባትሪ ሳወራ ሳወራ ሰሙኝና፣

«ምን ለካህ?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ምንም አትልም እኮ! ምኗን ልለካ?»

«ዝም ያለ ነው የሚጠየቀው፣ ልጄ።»

እሳቸው በጎን በር ቆመው እያዘዙኝ፣ እኔ እንደገና በሆዴ ተኝቼ የቴስተሩን ሁለት ጫፎች በትንሹ ባትሪ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ላይ አስነካሁ። 12.6። «ባትሪህ ደኅና ነው። አሁን ጥቁሩ ኔጋቲቩ ላይ ይቆይ፤ ቀዩን ቀለም የሌለው የመኪናዋ ብረት ላይ አድርገው።» የወንበር ቀበቶው ቡሎን ላይ አደረግሁት። 12 ገደማ አነበበ። እኔ ደስ አለኝ፤ እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ዜሮ ነበር መሆን የነበረበት።»

አስረዱኝ። ኮረንቲ ከፖዘቲቭ ተነሥቶ መብራቱንና ኮምፒዩተሩን አልፎ፣ በመኪናዋ አካል ብረት በኩል ወደ ኔጋቲቭ መመለስ አለበት። መመለሻው ማሳ ነው። ማሳው በደንብ ከታሰረ በኔጋቲቩና በብረቱ መካከል ልዩነት ስለማይኖር ቴስተሩ ዜሮ ያሳያል። 12 ካሳየ ግን መንገዱ እዚያው መጨረሻው ላይ ተቆርጧል፤ ኮረንቲው ደጅ ደርሶ መግቢያ አጥቷል ማለት ነው።

የማሳውን ቡሎን ፈታሁት። ከሥሩ ያለው ላሜራ እንደ መስታወት የሚያበራ ቀለም ተቀብቷል፤ የቡሎኑ ቀዳዳ ጥርስ ሳይቀር ቀለም ጠጥቷል። ቀለም ኮረንቲ አያሳልፍም። ሰውየው ቀባ፤ ሥራው ነው። ቀለሙን ሳይፍቅ በላዩ ማሳ ያሰረው ግን ማነው? በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ ወለል እስኪል ፍቄ መልሼ አሰርኩት። ክሩስኮቱ ቦግ አለ። የኋላው በርም ተከፈተ።

እልል ልል ስል ቀይ ሦስት ማዕዘን መብራት መጣ። ነቅታለች፤ መሄድ ግን አሻፈረኝ አለች። «ዝግጁ» የሚለው መብራት አይበራም። «ይኸው! ትልቁ ባትሪ ነው አላልኩም?» አልኩ። አዎን፣ ሁለተኛ ጊዜ። ሽማግሌው ቀና ብለው አዩኝና «መሰኪያውን ማን መለሰው?» አሉኝ።

መሰኪያው ብርቱካንማ ነው፤ የትልቁ ባትሪ ሽቦዎችም እንዲሁ። ቀለሙ «እጅህን ሰብስብ» ማለት ነው። መኪናዋን አስጠፉኝ፤ ማሳውን አስፈቱኝ። ጓንታቸውን አፉን ጨብጠው በአየር ወጥረው ቀዳዳ እንደሌለው ካዩ በኋላ አጠለቁት። የመሰኪያው እጀታ ሦስት እንቅስቃሴ አለው፤ ይሰካል፣ ወደ ላይ ይታጠፋል፣ በመጨረሻ ወደ ታች ይገፋል። እኔ ሁለቱን አድርጌ ሦስተኛውን ትቻለሁ። በሦስተኛው የምትነካ ትንሽ ማብሪያ አለች፤ እሷ ካልተነካች ኮምፒዩተሩ «መሰኪያው ገና አልተዘጋም፣ ሰው እዚያ ሊኖር ይችላል» ብሎ ሪሌዎቹን አያገናኝም። ሽማግሌው በአውራ ጣታቸው ገፉት፤ ቀጭ አለ። ማሳውን አሰርኩ፤ ፍሬን ረግጬ ማስነሻውን ተጫንኩ። ቀዩ ጠፍቶ አረንጓዴው «ዝግጁ» በራ። ጥቂት ቆይቶም የቤንዚን ሞተሩ ራሱን አስነሣ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላል ያገሬ ሰው። የ900 ዶላሩ ሞት የአንድ ቁራጭ ብርጭቆ ወረቀትና የአንድ አውራ ጣት ሥራ ሆኖ ተገኘ። ሁለቱም ጥፋቶች የእጄ ሥራ ነበሩ። ትልቁን ባትሪ የጠረጠርኩት ትልቅ ስለሆነ ነው፤ ሰውየውን የጠረጠርኩት ደግሞ እኔ ስላልሆንኩ ነው።

መኪናዋ ምርመራውን ባለፈች ሰሞን እህቴን ከሥራዋ ደጃፍ ላይ አነሣኋት። ጫማዋን አውልቃ እግሯን ወደ ማሞቂያው ዘረጋች። መንገድ ላይ ሁሉንም ነገርኳት፤ ቀለሙን፣ እጀታውን፣ ማን ምን እንዳሰረ። ዝም ብላ ሰማችኝ። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«ሰውየውንስ?»

ከዚያው ወደ ሥራ ቦታው ነዳሁ። ደጁን ገና መክፈቱ ነበር። መኪናዋን ሲያይ ፊቱ ቅጭም አለ፤ አልፈረድኩበትም። ከመኪናዋ ወርጄ ማሳውን ቀለም ላይ ያሰርኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ስድቡም ለራሴ የሚገባ እንደነበር ነገርኩት። ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ ወደ ኋላዋ ዞሮ፣ የቀኝ ጎኗን በመዳፉ ዳሰስ ዳሰስ አደረገና፣

«ለመሆኑ ስትፍቀው አስቸገረህ?» አለኝ።

«በጣም።»

«ጥሩ» አለ፤ «እንግዲያው በደንብ ይዟል።»