ተነሡ ሲባል

እንግሊዝኛ አንዱን ግስ ይዞ ከጎኑ «አፕ» ወይም «ኦፍ» ሲለጥፍበት ሁላችንም ግራ እንጋባለን። «ቴክ ኦፍ» ኮት ማውለቅ ነው፤ የአውሮፕላን መነሣትም ነው፤ ሹልክ ብሎ መሄድም ነው። ሮስቶው የተባለው የኢኮኖሚክስ ሊቅ ደግሞ በ1960 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ የአገር ኢኮኖሚ ከመሬት የሚለቅበትን ምዕራፍ በዚሁ ቃል ሰየመው።

ታዲያ ምን ያስገርማል? የኛው «ተነሣ» ቅጥያ እንኳ ሳይፈልግ ስንቱን ይሸከም የለ! የተኛ ይነሣል፤ ሙት ይነሣል፤ አቧራ ይነሣል፤ ጥያቄ ይነሣል፤ ፎቶግራፍም እንነሣለን።

እኛ ነፋስ ስልክ ላፍቶ ያደግን ልጆች ግን ቃሉን በሌላ ክብደት እናውቀዋለን። በጀሞና በለቡ በኩል «እነ እገሌ እኮ ተነሡ» ሲባል፣ «ከእንቅልፍ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ማሳቸው ለኮንዶሚኒየም፣ ቤታቸው ለመንገድ ተፈልጓል ማለት ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 እንኳ በርዕሱ «ተነሺዎች» ይላቸዋል።

እስቲ አስተውሉት፤ አንሺው በቃሉ ውስጥ የለም። «ተነሺ» ሲሉት ሰውዬው በገዛ ፈቃዱ ብድግ ያለ ይመስላል።

አውሮፕላን ሲነሣ ተሳፋሪውን ይዞ ነው። እንግዲህ «አገር ሊነሣ ነው» ሲሉን፣ «ማንን ይዞ?» ማለት የኛ የተማሪዎች ፋንታ ነው።