መስቀል አደባባይ በፍሬም

ሰው ቤት ስገባ ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው ግድግዳው ላይ ነው። የእኛ አገር ግድግዳ ደግሞ ብዙ አያስጨንቅም፤ ጋዋን የለበሰ ተመራቂ፣ የመጨረሻው እራት፣ የካቻምና ካላንደር ከነፏፏቴው። እኔ ቤት ያለው ግን የመጣውን እንግዳ ሁሉ "ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" ያሰኛል።

የጁሊ ምህረቱ ሥዕል ኅትመት ነው፤ "ሞጋማ" ከሚባሉት አራት ሥዕሎቿ ለንደን ቴት ሙዚየም ያለው። እዚያው የምትኖር የአክስቴ ልጅ በካርቶን ቱቦ ጠቅልላ አመጣችልኝ። ፍሬም ቤት ስወስደው ሰውዬው በአውራ ጣቱ ዳበስ ዳበስ አደረገና "መንገድ ላይ ነው የተበላሸው?" አለኝ። አልተቀየምኩትም። እንዲያውም ሳያውቀው ነገሩን አግኝቶታል። ጁሊ የሕንፃዎችን ፊት በቀጭን መስመር ትስላለች፤ በላዩ ብርሃን የሚያሳልፍ አክሪሊክ ትቀባለች፤ ትፍቃለች፤ ደግማ ትስላለች፤ ከሳለችውም ታጠፋለች። ከዚያ ጥቁር ጭረት እንደ ሰልፈኛ ይተምበታል። ከሩቅ ሲያዩት ጭስ ነው፤ ጠጋ ሲሉት መስኮትና በረንዳ ነው። (አከራዬ ሚስማር መምታት ስለማይወዱ ለጊዜው የውኃ ጄሪካን ላይ ቆሟል።)

ሞጋማ ካይሮ ታህሪር አደባባይ ዳር ያለ የግዙፍ ሕንፃ ስም ነው፤ ግብፃውያን ጉዳይ ለማስፈጸም ለአሥርተ ዓመታት ሲመላለሱበት የኖሩት የመንግሥት ቢሮ። "ነገ ተመለስ" ምን እንደሆነ ለእናንተ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። በ2011 ሕዝቡ አደባባዩን ሞላው፤ ሥዕሎቹ የ2012 ናቸው። እኔን የያዘኝ ግን ታህሪር አይደለም። በእነዚያ መስመሮች ውስጥ ከሌሎች አደባባዮች ጋር የእኛው መስቀል አደባባይም አለበት። አዲስ አበባ በ1970 የተወለደችው ጁሊ በ1977 ከቤተሰቧ ጋር ወደ አሜሪካ ስትሄድ ስሙ አብዮት አደባባይ ነበር። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ሰዓሊ ጓደኛዬ ግን አልተዋጠለትም። "ለፍሬም ባወጣኸው ብር ከአንድ የአለ ሥነ ጥበብ ተማሪ ኦሪጅናል ትገዛ ነበር፤ አንተ የገዛኸው ስም ነው" ብሎ ተቆጣኝ። ግማሹን እቀበለዋለሁ። የጁሊ አንድ ሥዕል በ2023 ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሽጧል፤ እንዲህ ያለ ስም ቤት ውስጥ ያምራል። የተማሪዎቹንም ሥራ መግዛት አለብን፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም።

ግማሹን ግን አልቀበለውም። ዋናው ሥዕል ቁመቱ 4 ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ የአክስቴ ልጅ ፊቱ ስትቆም ሰልፍ መሃል የገባች መሰላት። የእኔው 60 ሳንቲሜትር ነው፤ ማንንም አይውጥም። ይሄ ጉድለት ነው። ግን አስቡት እስቲ፤ ያንን ለማየት ፓስፖርት፣ ቪዛ፣ የባንክ ስቴትመንት፣ የአሠሪ ደብዳቤ... መስቀል አደባባይን ለማየት! እኔ ያለኝ የታክሲ ሒሳብ ነው። ታክሲው የሚያደርሰኝ ደግሞ በ2021 ታድሶ፣ ሥሩ የመኪና ማቆሚያ ተሠርቶለት የተከፈተው አደባባይ ጋ ነው። ያምራል፤ አልክድም። ጧት ጧት ጫማችን አቧራ እስኪለብስ ከዳር ዳር የሮጥንባቸው እርከኖች ግን የሉም። የተሣለው እነሱ ሳይነሱ ነው። እነሱን ለመፈለግ ኦሪጅናል አያስፈልገኝም፤ መስታወቱ ላይ ጣቴን ማስኬድ ይበቃኛል። ቴት ውስጥ ማን ያስነካኛል?

ባለፈው እሑድ ጓደኛዬ ቡናውን እንደያዘ ፊቱ ቁጢጥ ብሎ ቆየ። "እርከኖቹ እዚህ ጋ ናቸው" አለ፤ ወደ ግራ ጥግ እያመለከተ። የለም፣ ወደ መሃል ነው አልኩት። ሳንስማማ መሸ። መኪና ማቆሚያ እንደሌለው ግን ሁለታችንም አረጋግጠናል።