ስደተኛን የማሰር ሥልጣን የማን ነው?

ቴክሳስ የሚኖር፣ የአጋሮ ልጅ የሆነ የድሮ ተማሪዬ «ቲቸር፣ ስቴቱ በራሱ ሕግ ስደተኛ ሊያስር ይችላል እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። ብዙዎቻችሁ እዚያው ስላላችሁ እዚህ ልመልስ።

የእኛ ሕገ መንግሥት ቁልጭ አድርጎታል፤ በአንቀጽ 51 ኢሚግሬሽንና ፓስፖርት የፌዴራል ሥልጣን ነው። ጅማ ያለው የፓስፖርት ቢሮም የፌዴራል ቅርንጫፍ እንጂ የኦሮሚያ አይደለም። ሕገ መንግሥታዊ ክርክር ቢነሳ ደግሞ ትርጉም የሚሰጠው ፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። (ክፍል ውስጥ ስታንቀላፉ የነበራችሁ፣ አሁን ጠቀማችሁ!)

አሜሪካኖቹ ግን የሚፋጩት ፍርድ ቤት ነው። በ2012 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከአሪዞና ሕግ አከራካሪ ከነበሩት አራት ድንጋጌዎች ሦስቱን ጣለ። ቴክሳስ ግን በ2023 መጨረሻ የራሷን ሕግ አወጣች። ማርች 19 ቀን 2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሥራ ላይ እንዲውል ፈቀደ፤ ሰዓታት ሳይቆዩ፣ በዚያው ሌሊት ይግባኝ ሰሚው አገደው። ክርክሩ ከዚያም በኋላ ቀጠለ።

ለካ የዚያን ሰሞን አጋሮ የደረሰው የመጀመሪያው ወሬ ብቻ ነው። እናቱ «ልጄን ያዙብኝ» ብለው ሲያለቅሱ አደሩ፤ እገዳውን የነገራቸው የለም።

ስለዚህ ልጄ፣ ዜናውን ተወውና የዛሬው ትእዛዝ ምን እንደሆነ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጠይቅ። ከዚያ ወደ እናትህ ደውል።