የውርስ ጭቅጭቅ

ሉቃስ 12 ላይ ስለ ሞኙ ባለጠጋ ሲሰበክ፣ ነገሩ ከምን እንደተነሳ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። መነሻው የወንድማማቾች የውርስ ጭቅጭቅ ነው! አንዱ፣ ወንድሙ ርስት እንዲያካፍለው ጌታን ሊያስፈርድ መጣ። ጌታ ግን ዳኛ አልሆነለትም፤ ከመጎምጀት እንዲጠበቁ አስጠነቀቀ። እኔን የሚያስደነግጠኝ ሰውየው እውነትም ተበድሎ ሊሆን መቻሉ ነው። ለካ የገዛ ድርሻህን ስትጠይቅም ልብህ ሊሰስት ይችላል።

የለቅሶው ድንኳን ሳይነሳ ስለ ቤቱ ካርታ የሚጠያየቁ እህትና ወንድሞች አይተናል። (አርባውን ግን በወጉ ያወጣሉ።)

ጌታ ቀጥሎ በምሳሌ ያነሳው ባለጠጋም እርሻው ስላፈራለት አልተነቀፈም። አዲስ ጎተራ ሲያቅድ ያማከረው ራሱን ነው፤ ጎረቤት የለ፣ ድሀ የለ፣ እግዚአብሔር የለ። ደመወዝ የገባ ቀን ከማን ጋር እንደምማከር ማስተዋል ጀምሬአለሁ፤ ባለቤቴ ትስቅብኛለች።